ግልጽ ደብዳቤ፦ የወጣት ማዕከሉን አዳራሽ ቅዳሜ ማታ ለፊልም ክፈቱልን

ለወረዳችን የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት፣
ለወጣት ማዕከላችን አስተዳደር፣
እንዲሁም ፊልም ለምትሠሩልን ሁሉ፦

ጤና ይስጥልን።

የምንኖረው ከአያት ወዲያ ነው። ባቡሩ ጉዞውን ጨርሶ ከሚቆምበትም አልፎ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት። በመታወቂያችን የአዲስ አበባ ነዋሪ ነን፤ መገናኛ ስንሄድ ግን «ከተማ ደርሼ ልምጣ» ነው የምንለው። ሰፈሩን የምታውቁት ይገባችኋል።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቶሎ ልናገረውና ወደ ምክንያቱ ልግባ። የወጣት ማዕከሉ አዳራሽ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ፣ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ፊልም ለማሳየትና በፊልሙ ላይ ለመወያየት ይፈቀድልን። በጀት አንጠይቅም። ፕሮጀክተር ከሰፈር ልጆች አንዱ አለው፤ ለሠርግ የሚያከራየው ነው፣ ለእኛ በነፃ እሰጣለሁ ብሏል። ነጭ ጨርቅ አለን። ወንበር እዚያው አዳራሹ ውስጥ አለ። ስንጨርስ ጠርገን፣ ወንበሩን ቦታው መልሰን፣ ቁልፉን ለጥበቃው አስረክበን እንወጣለን።

እኛ ማን ነን? ፊልም ወዳድ ጎረቤታሞች ነን። የሚኒባስ ሹፌር አለ፣ መምህርት አለች፣ ኤሌክትሪሺያን አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች አሉ፣ ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ፣ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡ እትዬ አሉ። እያንዳንዳችን ፊልሙን በየቤታችን እናያለን። አንዱ በስልኩ፣ አንዱ በፍላሽ አስጭኖ፣ አንዱ ዩቲዩብ ላይ። ከዚያ እሑድ ከሰዓት አንዱ ቤት ቡና ይፈላና ውጤት እንሰጣለን። ከ10። ውጤቱ በደብተር ይጻፋል፣ ከነምክንያቱ።

ሁለት ሕግ አለን። የመጀመሪያው፣ ቁጥር የጠራ ሰው አንድ ትዕይንት መጥቀስ አለበት። «አሪፍ ነው፣ 9» ብሎ ዝም ማለት የለም። የቱ ጋ ነው አሪፍ የሆነው? ማን ምን ሲል? «ይደብራል» የሚልም እንደዚያው፣ የደበረበትን ቦታ ያሳይ። ሁለተኛው ሕግ፣ 7 ክልክል ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው 7 ነበር የሚሰጠው። ላልገባውም ፊልም 7፣ ተኝቶ ላመለጠውም 7፣ ሠሪውን ላለማስከፋትም 7። 7 ሲከለከል ሰው ወይ ወደ 6 ወርዶ ወይ ወደ 8 ወጥቶ መሟገት ግድ ሆነበት። ጨዋታው የደራው ከዚያ ወዲህ ነው።

እስቲ ምን ዓይነት ነገር እንደሚነሳ ላሳያችሁ። ባለፈው አንድ የአማርኛ ፊልም አየን፣ ስሙን አልጠራም። ሁለት ቤተሰቦች በጋብቻ ጉዳይ ማዕድ ቀርበው የሚነጋገሩበት ረጅም ትዕይንት አለው። ወጣቶቹ ንግግሩን ወደውት ነበር። እትዬ 4 አሉ። ለምን ሲባሉ፣ «እንጀራውን አየኸው? ከዳር እስከ ዳር አልተነካም። ያን ሁሉ ሲያወሩ አንድ ሰው አልጎረሰም። እናትየዋ ‹ብሉ እንጂ› አላለችም፣ እንግዶቹ ‹በቃን› አላሉም። እንዲህ ያለ የሽምግልና ገበታ የት አገር ነው ያለው?» አሉ። ትዕይንቱን መልሰን ከፈትነው። እውነታቸውን ነው። ወጡ ራሱ በጭልፋ እንደወጣ ደርቋል፣ ሲቀረጽ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ ያ ትዕይንት ለማናችንም እንደ ድሮው አልሆነልንም። ሹፌሩ ደግሞ ልጅቷ መገናኛ ላይ የተሳፈረችበት ሚኒባስና ጦር ኃይሎች የወረደችበት ሚኒባስ ታርጋቸው እንደማይገናኝ አሳየን። መምህርቷ ያነሳችው ከሁሉም ይከብዳል። ሽማግሌውም፣ ባለሀብቱም፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ ሁሉም የሚናገሩት ባንድ ሰው አፍ ነው አለች፤ ጸሐፊው ራሱ ነው በሦስቱም ውስጥ የሚያወራው።

ይህን አስተያየት የፊልሙ ሠሪ ሰምቶት ያውቃል? እኔ አይመስለኝም። ስንት ትኬት እንደተሸጠ ያውቃል። ዩቲዩብ ላይ ስንት ሰው እንደከፈተው ያውቃል። ከሥር የሚጻፍለት ግን ወይ «ምርጥ ፊልም፣ በርቱ» ነው ወይ ስድብ ነው። በውዳሴም በስድብም የሚቀጥለው ሥራ አይሻሻልም። የእትዬ እንጀራ ግን ያሻሽለዋል። የሚቀጥለው ፊልም ላይ አንድ ሰው ይጎርሳል ማለት ነው፤ አንድ ጉርሻ ደግሞ በማን እጅ ወደ ማን አፍ እንደሄደ ከገጽ ሙሉ ንግግር በላይ ይናገራል።

ውጤት ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ቁጥሩ ራሱ ትንሽ ልበል፤ ብዙ የሚያጨቃጭቀን እሱ ነው። አንድ ጊዜ ከልጆቹ አንዱ ስለ አንድ የሆሊውድ ፊልም «ሮተን ቶማቶስ ላይ 95 አግኝቷል፣ እናንተ እንዴት 6 ትሰጡታላችሁ?» ብሎ ተቆጣ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሮተን ቶማቶስ የሐያስያንን ጽሑፍ የሚሰበስብ ድረ ገጽ ነው፤ እዚያ ላይ 95 ከመቶ ማለት ከመቶ ሐያሲ 95ቱ በጎ ጽፈውለታል ማለት ነው። ምን ያህል እንደወደዱት አይናገርም። ሁሉም «መጥፎ አይደለም፣ ይታያል» ብለው ቢያልፉት እንኳ 100 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የእኛ 6 እና የእነሱ 95 የግድ አይጣሉም። አይኤምዲቢ የሚባለው የፊልም ድረ ገጽ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ከ1 እስከ 10 ድምፅ ይሰበሰብና ሚዛን የተደረገለት አማካይ ይወጣል፤ የሁሉም ሰው ድምፅ እኩል አይመዘንም። ብዙ መቶ ሺህ ሰው ላየው ፊልም ይህ ደህና መንገድ ነው። ለእኛ አገር ፊልም ግን ድምፅ የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነው። የተዋናዩ ወዳጆች ተጠራርተው 10 ቢሰጡት ይሰቀላል፣ የተቀየሙ 1 ቢሰጡት ይወድቃል። ፊልሙን ያየውም ያላየውም ድምፅ ይሰጣል። ለዚህ ነው እኛ አዳራሽ የምንፈልገው። አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ያየ ሰው አላየሁም ማለት አይችልም፤ ያላየም አየሁ ማለት አይችልም።

ደግሞ የተመልካች ድምፅ ቀላል ነገር አይደለም። «ድፍረት» የተባለው የዘረሰናይ መሐሪ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፣ በዚያው ዓመት በርሊን ፌስቲቫል ላይም በፓኖራማ ክፍል የተመልካቾችን ሽልማት ደገመ። ሁለቱንም የሰጡት አዳራሽ ገብተው ያዩ ተራ ተመልካቾች ናቸው። አይተው፣ ሲወጡ ድምፃቸውን ሰጡ። በአማርኛ የተሠራ፣ ስለ ጠለፋ የሚያወራ፣ የእኛን አገር ገጠርና ፍርድ ቤት የሚያሳይ ፊልም የባዕድ አገር ተመልካች ድምፅ ሰጥቶ ሸለመው። የእኛ ሰፈር ሰው ስለዚያ ፊልም ምን ይላል? እስካሁን ማንም አልጠየቀውም። ጠለፋ የሚለውን ነገር ከፊልም ሳይሆን ከገዛ ዘመዶቻቸው ታሪክ የሚያውቁ እናቶች እኮ እዚሁ ብሎክ ውስጥ አሉ።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ያየንበትን ቀን ብነግራችሁ አዳራሹ ለምን እንደሚያስፈልገን ይገባችኋል። ዲቪዲው ኃይሌ ዋሽንግተን ውስጥ ካላቸው ሳንኮፋ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ተገዝቶ ለአንዱ ጎረቤታችን የመጣ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮ ላይ ዋናውን ሽልማት የወሰደ ነው። ይህን የሚያህል ፊልም ባለ አንድ መኝታ ቤት ሳሎን ውስጥ ተጨናንቀን አየነው። ሶፋው ሞላ፣ ምንጣፉ ሞላ፣ የቀሩት በሩ ላይ ቆሙ። አንበርብር ጀርመን ተምሮ ይመለሳል፣ ደርግ ዘመን ላይ ይደርሳል፣ በኋላም ትውልድ ቀዬው ይገባል፤ እዚያ ልጆቹ ከግዳጅ ምልመላ ሸሽተው ዋሻ ተደብቀዋል። ፊልሙ ጊዜውን በቅደም ተከተል አይነግርም፣ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል።

ሲያልቅ ከልጆቹ አንዱ 5 ሰጠ። «ግራ ገባኝ፣ የቱ ይቀድማል የቱ ይከተላል አልያዝኩም» አለ። ትዕይንትም ጠቀሰ፣ እንደ ሕጉ። ጋሼ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር። አንበርብር በስብሰባ ላይ ቆሞ እንዲናዘዝ የሚደረግበትን ቦታ አነሱ። «ግለ ሂስ ይባል ነበር» አሉ። መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ማን ከፊት እንደሚቀመጥ፣ ሰው ጓደኛውን ሲያጋልጥ ዓይኑን የት እንደሚያደርግ፣ አንድ በአንድ ነገሩን። ከዚያ በፊት ስለዚያ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አውርተውን አያውቁም፤ ልጃቸው ራሷ አጠገባቸው ተቀምጣ እንደ እኛው አዲስ ነገር ነበር የምትሰማው። ጋሼ 9 ሰጡ። ልጁ ውጤቱን ወደ 6 አሳደገ፣ ግን አልተረታም። «ታሪኩን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው እንጂ ፊልሙ አይደለም» አለ። ጋሼ ደግሞ «የኖረው ሰው ቀኑን ሲያስታውስ በተራ አያስታውስም፣ ፊልሙም እንደዚያው ነው» አሉት። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። እኔ የሁለቱም ነገር ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ ፊልሙ ላልኖረበት ሰው እጁን ይዞ የሚያስገባው አንድ ሁለት ቦታ ቢኖረው አይጎዳም ነበር።

ያን ምሽት በሩ ላይ ቦታ አጥተው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ያንን ነው አዳራሹ የሚፈታልን።

«ሲኒማ ቤት ሄዳችሁ አታዩም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እንሄዳለን፣ ሲመቸን። ግን አብዛኞቹ ሲኒማ ቤቶች መሃል ከተማ ናቸው። ከዚህ ተነስቶ ፒያሳ ወይም ቦሌ ደርሶ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የማታውን ፊልም አይቶ የወጣ ሰው መገናኛ ላይ ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ከሆነች ደግሞ ቤተሰቧ እስክትገባ አይተኛም። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር እንውጣ ካሉ ትኬቱና ትራንስፖርቱ ተደምሮ የሳምንት አስቤዛ ይበላል። በዚያ ላይ ሲኒማ ቤት አዲስ ፊልም ነው የሚያሳየው። የድሮዎቹን የት እንይ? «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ነው የወጣው። «ጉማ» አብዮቱ ዋዜማ ላይ የተሠራ ፊልም ነው፣ ዛሬ ትልቁ የፊልም ሽልማታችን የሚጠራው በስሙ ነው። ሽልማቱን በቴሌቪዥን በየዓመቱ እናያለን፣ ፊልሙን ግን ከመካከላችን ያየው ሰው የለም። ይህ ያሳዝነኛል፣ በእውነት።

አሁን ለጽሕፈት ቤቱ፣ ሊያሳስባችሁ የሚችለውን ነገር አንድ በአንድ አስበንበታል።

ስለ መብት። ፊልም በአደባባይ ለማሳየት የባለቤቱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አንድም ፊልም አዳራሹ ውስጥ አይታይም። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ የተሰረቀ ፊልም ይዞ የመጣ ሰው ይመለሳል። ቤታችን የምናየውን ዲቪዲም ቢሆን በዝምታ አዳራሽ አናስገባም። የፈቃዱን ደብዳቤ ቅጂ ከማሳያው ሳምንት ቀደም ብለን ለእናንተ እናስገባለን።

ስለ ልጆች። ለልጅ የማይሆን ፊልም ሲኖር በሩ ላይ በግልጽ ይጻፋል፣ መምህርቷም በሩ ላይ ትቆማለች። ፊልም ልጅ ያበላሻል የሚሉ አባቶችና እናቶች በሰፈሩ አሉ፣ አንነቅፋቸውም። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሲኒማ ሲከፈት እኮ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው። ስጋት ያለው ወላጅ ይምጣና ከልጁ ጋር አብሮ ይይ። ልጁ ስልኩን ይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ ብቻውን ከሚያየው፣ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ያየችው ይሻላል።

ስለ መብራት። ከጠፋ በስልክ ባትሪ ብርሃን ውይይቱን እንቀጥላለን፣ ፊልሙን ለሚቀጥለው ቅዳሜ እናሳድረዋለን። ስለ ድምፅ ደግሞ፣ ስፒከሩ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ አንዲት ደቂቃ አንጨምርም፤ አጠገብ ያሉት ብሎኮች የእኛው ቤቶች ናቸው።

ለፊልም ሠሪዎች ደግሞ ይኸው። ፊልማችሁ ከሲኒማ ቤት ከወረደ በኋላ ለአንድ ቀን ስጡን። ፈቃዱን በጽሑፍ ላኩልን፣ መጠነኛ ክፍያ ካላችሁም ንገሩን፣ ተዋጥተን እንከፍላለን። በምላሹ ሌላ ቦታ የማታገኙትን ነገር እንሰጣችኋለን። የእያንዳንዱ ተመልካች ውጤት፣ ከሥሩም ምክንያቱ፣ የትኛው ትዕይንት ላይ ሰው እንደሳቀ፣ የትኛው ላይ ስልኩን እንደከፈተ። ድምፁ የማይሰማበትን ቦታ በደቂቃው እንጽፍላችኋለን። ስለ ድምፅ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የአማርኛ ፊልም ምስሉ ባለፉት ዓመታት በጣም ተሻሽሏል፣ ተዋንያኑም እንደዚያው፣ ድምፁ ግን አሁንም ብዙ ጊዜ ወደኋላ ቀርቷል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲያወራ የመኪናው ጩኸት ይውጣቸዋል፣ ድንገት ሙዚቃው ሲገባ ደግሞ ጆሮ ይበጥሳል። ይህን ገንዘብ ከፍሎ የገባ ሰው በትዕግሥት ያልፈዋል፣ ግን ውጤት ይቀንሳል። ለምን እንደቀነሰ እኛ እንነግራችኋለን።

5 ከሰጠናችሁ እንደ ጠላት አትቁጠሩን። 5 የሰጠ ሰው ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ያያችሁ ሰው ነው፣ ያንን ሁሉ አስቦ የተናገረላችሁ።

የመጀመሪያ ፊልም እንዲሆን የመረጥነው የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ባለታሪኩ እናቱን በድርቅ ያጣ ኤፍሬም የሚባል ልጅ ነው፤ በጉን ቹኒን ይዞ ዘመድ ቤት ይቀመጣል፣ ምግብ መሥራት ይችላል፣ ሳምቡሳ ሠርቶ ይሸጣል። አጎትየው ወንድ ልጅ ምድጃ ዳር መዋሉ አይዋጥለትም፣ በጉንም ለመስቀል ሊያርደው ያስባል። እዚህ ሰፈር ውስጥ ጉሊት እናቱን የሚያግዝ፣ ሽንኩርት የሚልጥ፣ እንጀራ የሚያወጣ ወንድ ልጅ ብዙ ነው፤ ጓደኞቹ ሲያሾፉበትም እንሰማለን። ለዚያ ልጅ ይህ ፊልም ስንት ያገኛል? እኔ 8 ሰጥቻለሁ፤ ልጁ ሊጥ ሲይዝ እጁ የለመደ እጅ መሆኑን ስላየሁ። እትዬ ምን እንደሚሰጡት ለማወቅ ጓጉቻለሁ፣ እንጀራና ሊጥ ላይ አይምሩም።

የፊልሙን ባለመብቶች ፈቃድ መጠየቂያ ጽፈናል። ለጽሕፈት ቤቱ የሚገባው ማመልከቻም የነዋሪዎች ፊርማ ተሰብስቦበት ተዘጋጅቷል፣ በሚመጣው ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ይገባል። ከእናንተ የምንፈልገው መልሱን በጽሑፍ፣ ከተፈቀደም ቁልፉን የምንረከበው ከማን እንደሆነ ነው። ፊልም ሠሪዎችም መምጣት ብትፈልጉ ደስ ይለናል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ ለተመልካቹ የምንናገረው ውጤቱ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአያት ወዲያ ያለን የፊልም ወዳጆች